ባሌ የሠራው ደመና

ባሌ ዕድሜውን ሙሉ ኮርኒስ ሲሠራ ኖረ። መሰላል ላይ ወጥቶ፣ አንገቱን አንጋጥጦ ጀሶ ያለሰልሳል። እጁ ባለፈበት እብጠትም ስንጥቅም ስለማይገኝ የሥራ ጓደኞቹ «ልሙጡ» ይሉታል። ሰው ቤት በእንግድነት ሄደን እንኳ ዓይኑ ጣራ ላይ ነው። «አንተ ሰውዬ፣ ከሰው ጋር አታወራም?» እያልኩ በክርኔ ጎሸም አደርገዋለሁ።

ሳንባው ሲታመም ሐኪሙ «ከአቧራ ራቅ» አለው። መሰላሉን ለጎረቤት ሰጥቶ ቤት ዋለ። አንድ ቀን በሳይንስ ማሳያ ቤት የምትሠራ የኮከብ ተመራማሪ መጣች። ዓይነ ስውራን ልጆች በጣታቸው የሚዳስሱት የሰማይ ሰሌዳ እንዲሠራላት ፈልጋ ነበር።

«ምን ልሥራልሽ፣ ልጄ?»

«ደመና፣ ጋሼ። የጋዝ ደመና።»

ወደ እኔ ዞረ። «ሰማሽ፣ እናቱ? የሰውን ስጨርስ የእግዜርን ኮርኒስ ሥራ ተባልኩ።» ሳቀ፤ ሳቁ መልሶ ሳል ሆነበት።

ተመራማሪዋ ፎቶግራፍ ዘርግታ አስረዳችን። ደመናው ውስጥ ከፀሐይ ብዙ እጥፍ የሚከብዱ ከዋክብት አሉ። ብርሃናቸውና ነፋሳቸው በዙሪያቸው ያለውን ጋዝ እየገፋ ይቦረቡረዋል፤ መሐሉ ዋሻ ይሆናል። የተገፋው ጋዝ ጠርዙ ላይ ይጠራቀምና አንዳንዴ ሌሎች ከዋክብት ይወለዱበታል። ጥቅጥቅ ያለው ቶሎ ስለማይበተን እንደ ምሰሶ ተገትሮ ይቀራል።

«ኮከቡስ?» አለ ባሌ።

«ትልቅ ኮከብ ዕድሜው አጭር ነው፣ ጋሼ። ነዳጁን ቶሎ ይጨርሳል።»

ባሌ ፎቶግራፉን ወደ ዓይኑ አስጠጋ። እሷ ስትሄድ «ይህቺን ሳልጨርስ አልተኛም» አለኝ።

ሐኪሙ እርጥቡን ጀሶ ብቻ እንዲነካ፣ የደረቀ እንዳይፍቅ አስጠነቀቀው። ዱቄቱን በረንዳ ላይ አቦካለታለሁ፤ እሱ መስኮት ከፍቶ ይሠራል። ምሰሶዎቹ ቆሙ፤ ጠርዙ ወጣ፤ ዋሻው ጠለቀ። ፊቱ ላይ ደም ተመለሰ።

ከዚያ አንድ ጠዋት ወደ ሰሌዳው ስሄድ ዋሻው የለም። ማታ ለመጨረሻ ጊዜ ላለስልሰው ብሎ ሞልቶታል። ዕድሜውን ሙሉ ጉድጓድ አይቶ ያላለፈ እጅ! ጀሶው ደርቆ ድንጋይ ሆኗል።

«እጄ ነው እንጂ እኔ አይደለሁም» አለ። የጀሶ መፋቂያውን ካዙላ ሊያነሳ ሲል ቀደምኩት።

«አቧራው ይገድልሃል።»

«ሳልጨርስ ብቀርስ?»

ሰሌዳውን በረንዳ አወጣሁና መስኮቱን ዘጋሁበት። ውሃ እያርከፈከፍኩ እኔ ፈቀፈቅሁ፤ እሱ በመስታወቱ ወዲያ ሆኖ በእጁ ምልክት ያዝዘኛል። ወደ ግራ፣ ጥልቅ አድርጊ፣ ምሰሶዋን ተያት! ስሳሳት ግንባሩን ይይዛል። መስታወቱን እየቆረቆረ «አናጢ ብትሆኚ ቤት ይፈርስ ነበር!» ሲል ይሰማኛል። ቀኑን ሙሉ እንዲህ ዋልን። ውስጡ እንደ እሱ እጅ አልለሰለሰም፤ የካዙላዬ ጭረት ሁሉ ይታያል።

ሰሌዳው በደንብ ረጥቦ አቧራው ሲሰክን አስገባሁለት። ዳሰሰው። ጭረቱን ሊያለሰልስ እጁ ሄደና ተመለሰ። «ይሁን» አለ። አተር የምታህል ጀሶ አድበልብሎ ዋሻው መሐል ለጠፈ። ኮከቧ ናት።

ሰሌዳው ሳይሰቀል ሞተ።

ማሳያ ቤቱ የተከፈተ ቀን ብቻዬን ሄድኩ። ተመራማሪዋ የአንዲትን ልጅ እጅ ይዛ ታስዳስሳለች። ልጅቷ ምሰሶዎቹን አለፈች፤ ጠርዙን ዞረች፤ ወደ ውስጥ ገባች።

«ይቺ ናት ኮከቧ? ይህን ሁሉ የቦረቦረችው ይቺ ሚጢጢ?»

«እሷ ናት።»

ልጅቷ ጣቷን ጭረቶቹ ላይ እየመላለሰች «የሠራው ሰውዬ አለ? የምጠይቀው ነገር ነበረኝ» አለች።

ተመራማሪዋ ቀና ብላ አየችኝ፤ ዓይኗ እንባ ሞልቷል።

«እኔን ጠይቂኝ፣ ልጄ» አልኳትና አጠገቧ ተንበረከክሁ።