እናቴ የማትጠራው ስም

ዛሬ በልጄ ትምህርት ቤት የክትባት ቀን ነው። አልኮል የነካው ጥጥ ሲሸተኝ፣ ልጅ ሆኜ ሌሞ ወረዳ ወደሚገኘው ትምህርት ቤታችን የማጅራት ገትር ክትባት የመጣበት ቀን ትዝ አለኝ።

ነርሷ ስሜን ስትጠይቀኝ ፈርቼ እናቴ ጀርባ ተደበቅኩ። እናቴ የእኔንና የአባቴን ስም ብቻ ነገረቻት።

«የአያቷስ? አታውቂም እንዴ?»

«የባሌ አባት ናቸው። እኛ አገር ምራት የአማቷን ስም አትጠራም።»

«ሙሉ ስም ከሌለ አልከትብም። ቀጣይ!»

እናቴ በነጠላዋ አፏን ሸፍና «ሎምቤቦ» አለች። ሰልፉ ላይ ያሉት እናቶች ዞረው አዩዋት።

ወሬው ቀድሞን ቤት ገብቷል። አያቴ በር ላይ ቆመው ጠበቁን።

«ልጅቷ ተከተበች?»

«አዎ፣ አባባ።»

«እንኳን ጠራሽኝ።»

እናቴ አለቀሰች። ለምን እንደሆነ የገባኝ እኔም ምራት ከሆንኩ በኋላ ነው።