በእማዬ በኩል ያለው በር

ባለፈው ቅዳሜ የመኪናዬን የኋላ መብራት አምፖል ልቀይር ብዬ ገርጂ ግቢያችን ውስጥ በርጩማ ላይ ተቀመጥኩ። መብራቱን የያዘው ብሎን ግን ካቻቢቴውን አልቀበል አለ። ጥርሱ ተበልቶ አናቱ ልሙጥ ሆኗል። ልጄ በረንዳ ላይ ሆና፣ «ጋራዥ ውሰጂው እንጂ፣ ምን ያለፋሻል?» አለችኝ። እኔ ሳይታወቀኝ ፈገግ ብዬ ነበር። በሃያ ሦስት ዓመቴ፣ ከአባቴ ጋር ሆነን ከእንዲህ ያለ ብሎን ጋር የታገልንበት ቀን ፊቴ ድቅን አለ።

አባቴ ለአንድ መሥሪያ ቤት ሠላሳ ዓመት በሾፌርነት አገልግሎ ጡረታ የወጣ ሰው ነበር። ያኔም የምንኖረው ገርጂ ነው። ክረምቱ ካለፈም በኋላ የሰፈሩ ጭቃ እስኪደርቅ ጥቅምት ይጋመስ ነበር። አንዲት አሮጌ ነጭ መኪና ነበረችው፤ ሌላ ሰው እንዲነካት አይፈልግም። ያን ዓመት በእማዬ በኩል ያለው በር አልዘጋ አለ። በሩ ሲዘጋ የሚነክሰው፣ በመኪናዋ ምሰሶ ላይ በሦስት ብሎን የታሰረው ብረት አልቆ ነበር። አባቴ በሩን በገመድ ከመቀመጫው ጋር አሰረው። እማዬም ገመዱን በሁለት እጇ ጨብጣ፣ ማርያም ማርያም እያለች መገናኛ ደርሳ ትመለሳለች።

በኅዳር ታላቅ እህቴ ደብረ ዘይት የመጀመሪያ ልጇን ወለደች። እሁድ ልንጠይቃት ተነጋገርን። እማዬ የገንፎውን ዱቄት፣ ቅቤውንና ማሩን ካዘጋጀች በኋላ፣ «እኔ እንደ በግ በገመድ ታስሬ የልጅ ልጄን ለማየት አልሄድም። በአውቶቡስ እሄዳለሁ» አለች። አባቴ ከጓደኛው አዲስ ብረት ይዞ መጣና አርብ ማታ የዛገውን ብሎን ነጭ ጋዝ አጠጣው።

ቅዳሜ ጠዋት ለሥራ ስወጣ ሁለቱን ብሎኖች ፈቶ ሦስተኛው ላይ ነበር። ቆሜ አየሁት። ካቻቢቴው ይገባል፣ ትንሽ ይዞራል፣ ከዚያ ይስታል። በሳተ ቁጥር የብሎኑን አናት ይበላዋል። የሚያስተው ደግሞ ዝገቱ ብቻ አልነበረም፤ የአባቴ ቀኝ እጅ ይንቀጠቀጥ ነበር። ከጥቂት ወራት ወዲህ ሻዩን እስከ ግማሽ ብቻ እንዲቀዱለት የሚጠይቀው ለምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። እንደገና ሲስት አውራ ጣቱን ቆረጠው።

«ካቻቢቴው ነው» አለኝ፣ ቀና ብሎ ሳያየኝ።

ቦሌ መንገድ ላይ ትኬት ቢሮ ነበር የምሠራው። ግማሽ ቀኑን ልቤ ግቢያችን ውስጥ ዋለ። ከሥራ ስወጣ ወሎ ሰፈር ወደሚገኝ አንድ ጋራዥ ጎራ አልኩ። የተቃጠለ ዘይትና የጥብስ ሽታ ተቀላቅሎ ያውዳል። ቱታ የለበሰ፣ ጢሙ የሸበተ መካኒክ የተገለበጠ ጎማ ላይ ምሳውን አቅርቦ ነበር። «እንብላ» አለኝ። የመጣሁበትን ነገርኩት።

«አምጡት፣ የአምስት ደቂቃ ሥራ ነው» አለ።

«አባቴ እሺ አይልም፣ ጋሼ። እንዴት እንደሚወጣ ቢያሳዩኝ?»

ትንሽ አየኝና ምሳውን ትቶ ተነሣ። እጁን ጠርጎ ከአሮጌ የጎማ ካላማዳሪያ ላይ ጥፍር የምታህል ጎማ ቆረጠ። «ይቺን አናቱ ላይ ታደርጊያለሽ። ካቻቢቴውን በላይዋ ታስገቢና በመዶሻ ሁለት ሦስቴ ታንኳኪያለሽ፣ ዝገቱ ይነቃነቃል። ከዚያ አንድ ሰው ካቻቢቴውን በትከሻው ሳይቀር ይጫን፤ ሌላው ወገቡን በፒንሳ ይዞ ያዙር። ለብቻ አይሞከርም። እኔም ለብቻዬ አልችለውም።»

ቤት ስደርስ አባቴ በተከፈተው በር አጠገብ መሬት ላይ ተቀምጦ ነበር፤ ጣቱ በጨርቅ ታስሯል። ጎማዋን አሳየሁት።

«ጋራዥ ሄድሽ?» አለ።

«ሄድኩ። የሁለት ሰው ሥራ ነው አሉኝ። መካኒኩም ለብቻዬ አልችለውም ብለዋል።»

ጎማዋን አየት አደረጋት። ይቆጣል ብዬ ጠበቅኩ። ከዚያ ካቻቢቴውን በመያዣው በኩል አዙሮ ሰጠኝ።

ጎማዋን አስገባሁ፣ በመዶሻ መታሁ፣ በትከሻዬ ተጫንኩ። እሱ ካቻቢቴውን በፒንሳ ያዘ። እጁ ፊቴ አጠገብ ነበር፤ ፒንሳው በብረቱ ላይ ሲንቀጠቀጥ ይሰማኛል።

«አየሽው አይደል?» አለኝ በቀስታ።

«አየሁት፣ አባዬ።»

«ለእናትሽ እንዳትነግሪያት።»

«እማዬ ታውቃለች። ሻይህን የምትቀዳልህ እኮ እሷ ናት።»

እሱ ትንፋሹን ሰብስቦ አዞረ፣ እኔም ባለኝ ኃይል ተጫንኩ። ብሎኑ «ቋ» ብሎ ተላቀቀ። ሁለታችንም አንዴ ተያየንና ሳቅን፤ አባቴ እንደዚያ ሲስቅ አይቼው አላውቅም ነበር። አዲሱን ብረት አሰርን። እማዬ ከጓዳ ወጥታ በሩን አራት ጊዜ ከፍታ ዘጋችው፤ ከዚያ ገመዱን ጠቅልላ ይዛው ገባች።

እሁድ ጠዋት ተነሣን። ከዱከም በፊት፣ ጤፉ ግራና ቀኝ ቢጫ ሆኖ በተኛበት ቦታ፣ አባቴ ጥግ ይዞ ቆመ። ሞተሩን አጥፍቶ ቁልፉን አቀበለኝ። መንጃ ፈቃድ ያስወጣኝ እሱ ራሱ ነው፤ የእሱን መኪና ግን አንድ ቀን አስነድቶኝ አያውቅም። እማዬ ከቅቤው ጋር ወደ ኋላ ሄደች። አባቴ በእሷ ቦታ ተቀመጠ። «ሦስተኛ ማርሽ ላይ አትቆይባት፣ ትጮኻለች» ብቻ አለኝ።

ከዚያ ወዲያ አሥራ አንድ ዓመት ኖረ፤ ሾፌሩ እኔ ነበርኩ። መሪ ይዞ ሳለ የማያወራ ሰው ነበር። ከጎኔ ሲቀመጥ ግን ወሬው አያልቅም። እናቴን እንዴት እንዳገኛት፣ የትኛው ድልድይ ላይ ጎርፍ እንደያዘው፣ የሞተውን ወንድሙን፣ ሁሉንም የሰማሁት መንገድ ላይ ነው። እጁ ባይደክም ኖሮ ይህን ሰው ሳላውቀው ይቀር ነበር ብዬ አስባለሁ። ዛሬ ደብረ ዘይት ስሄድ ልጄ በፈጣኑ መንገድ ለምን አንሄድም ትለኛለች። እኔ የምወስዳት በአሮጌው ነው፤ ቀስ እያልኩ፣ አያቷ የነገረኝን እየነገርኳት።