ዊንቹን ምን ላይ እንሰረው

ወንድሜ ዊንቹን ገዝቶ ሲመጣ በማዳበሪያ ጆንያ ጠቅልሎት ነበር፤ ላየው ሰው የሰረቀው ይመስላል። ሱቄ አሰላ መናኸሪያው አካባቢ ነው፣ የመኪና ኤሌክትሪክ እሠራለሁ። ጆንያውን ጠረጴዛዬ ላይ ዘፍ አደረገና፣ "በል ይኼን ግጠምልኝ" አለ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ታላቄ ስለሆነ እንዲህ እንዲህ እያለኝ ችዬው ኖሬአለሁ።

ዊንች ማለት ከመኪና ፊት ተገጥሞ፣ ከባትሪው ኃይል እየወሰደ የብረት ገመድ የሚጠቀልል ሞተር ነው። ጭቃ የዋጠው መኪና የገመዱን ጫፍ የማይነቃነቅ ነገር ላይ ያስርና ራሱን በራሱ ጎትቶ ይወጣል። ከተማችን ውስጥ ዊንች ያላቸው መኪኖች አያለሁ፤ አብዛኞቹ ከአስፋልት ወርደው አያውቁም፣ ለጌጥ ነው። የወንድሜ ለጌጥ አልነበረም። ለምን እንደገዛው መጠየቅም አላስፈለገኝም።

ወንድሜ የሚኖረው ከጢቾ ወዲያ ባለች ትንሽ የገበያ ከተማ ነው። በአሮጌ ላንድክሩዘር ፒክአፕ ሰውና እህል ያመላልሳል። ሚስቱ የዚያው አገር ልጅ ናት፣ አስተማሪ። ባለፈው ዓመት ክረምት ምጥ ይዟት ወደ አሰላ ሲያመጣት፣ ከከተማቸው ብዙም ሳይርቅ መንገዱ ዝቅ የሚልበት ረግረግ አለ፣ እዚያ ላይ መኪናው ሰመጠ። የአካባቢው ሰው በሬ ጠምዶ፣ ገመድ አስሮ፣ በጀርባው ገፍቶ መኪናውን ሲያወጣው ቀኑ ተጋምሶ ነበር። ሕፃኑ ሆዷ ውስጥ ሞተ። ሐኪሙ፣ "ሁለተኛ ስታረግዢ ከሆስፒታል ውጭ እንዳትወልጂ፣ ምጡ ሳይመጣም ቀድመሽ ነዪ" ብሏት ነበር። አሁን ሁለተኛውን ይዛለች፣ ክረምቱም እየገባ ነው። ወንድሜ የገዛው እንግዲህ ብረት ብቻ አልነበረም።

የዊንቹን መሠረት ከመኪናው የብረት አጥንት፣ ከሻንሲው ጋር በወፍራም ቡሎን አሰርነው። ብየዳ ብቻ ይበቃል ብሎ ተከራከረኝ። ቀጥሎ ደግሞ ሽቦ። ከሱቄ ጥግ ያገኘውን ቀጭን ሽቦ እያነሳ፣ "ይኼስ ምን አለው?" ይለኛል። እኛ አገር ሾፌር ሁሉ መካኒክ ነው፤ ሁለት ሽቦ ከባትሪው ጋር ካገናኘ በቃ፣ ሥራው አለቀ። ዊንች ሲጎትት የሚወስደው ኃይል ቀጭን ሽቦን አቅልጦ መኪናውንም ያቃጥላል። "የቸኮለ አፍሶ ለቀመ" አልኩት። አውራ ጣት የሚያክል የመዳብ ሽቦ አስመጣሁ፣ ብረት እንዳይፍቀው በጎማ ቱቦ ውስጥ አሳለፍኩት፣ ባትሪው አጠገብ ፊዩዝ አደረግኩለት፣ ጫፎቹን በቆርቆሮ ብየዳ ሳይሆን በመጭመቂያ በደንብ ጨምቄ አሰርኩ። የቡሎኖቹን ዳዶዎች እሱ ያጠብቅ ነበር። ያጠበቀውን ይመለስና እንደገና ያጠብቀዋል። አንድ ጊዜ ቀና ብዬ ሳየው ያንኑ ዳዶ ለሦስተኛ ጊዜ ያጠብቃል። እኔም የጀመርኩትን ስድብ ዋጥኩት፤ አሳዘነኝ።

ከከተማው ጫፍ ወጣ ብለን ሞከርነው። መኪናውን ሆን ብሎ ቦይ ውስጥ ከተተው፣ እኔ ገመዱን ስቤ አንድ ጎልማሳ ባሕር ዛፍ ላይ አሰርኩና በሽቦ የተያያዘውን የዊንቹን የእጅ ማዞሪያ ተጫንኩ። ያ ሁሉ ብረት ቀስ ብሎ እንደ ታዛዥ ከብት ወጣ። ባሕር ዛፉ ንቅንቅ አላለም። ወንድሜ ሳቀ። ልጁ ከሞተ ወዲህ ሲስቅ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

ትምህርት ቤት ሊዘጋ ሲል ሚስቱን ልናመጣት አብረን ሄድን። እኔ ቤት ተቀምጣ የመውለጃዋን ጊዜ ልትጠብቅ ነው ስምምነታችን፤ ሚስቴ መኝታውን አዘጋጅታለች። ስንሄድ መንገዱ ደረቅ ነበር። ረግረጉ ጋ ስንደርስ አንድ ሽማግሌ ከማሳቸው ዳር ቆመው አየን። ባለፈው ዓመት በሬዎቻቸውን አምጥተው መኪናውን ያስጎተቱት እሳቸው ናቸው። ወንድሜ መኪናውን አቁሞ ወረደና ዊንቹን እንደ አዲስ ሙሽራ አስጎበኛቸው።

"ኩን ማሊ? ምንድን ነው ይሄ?" አሉ።

"መኪናው ራሱን የሚያወጣበት ነው፣ አባባ። ዘንድሮ በሬዎችዎን አናስቸግርም።"

ብረቱን በከዘራቸው ነካ ነካ አደረጉት። "ደግ ነው። በሬዎቹም እንደኔ ሸምግለዋል። ብቻ ልጅቱን ቶሎ አምጣት፣ ሰማዩ ደስ አይልም።"

እነሱ ቤት አደርን፤ ማታውን ዘነበ። ስንነሳ ጣሪያው ላይ ገና ይንጣጣ ነበር። የወንድሜ ሚስት ቁርስ ላይ ቁጭ ብላ ሳለች እጇን ወገቧ ላይ አደረገች፣ ፊቷም ተለወጠ። ጊዜዋ አልደረሰም ነበር። እናቷ ነጠላቸውን አገልድመው ከጎኗ ገቡ፣ ወንድሜ መሪውን ያዘ፣ እኔ ከኋላ ጭነቱ ላይ ሸራ ተከናንቤ ተቀመጥኩ። በኋለኛው መስኮት የማየው ጭንቅላቷን ብቻ ነበር። ኮረኮንች በነካን ቁጥር ጭንቅላቷ እናቷ ትከሻ ላይ ይወድቃል።

ረግረጉ ውስጥ ገባን። ወንድሜ ጠንከር ያለውን ጥግ መርጦ ነበር፤ ቢሆንም ከመሐል ስንደርስ መኪናው በሆዱ ተቀመጠ። ጥቁር ጭቃ ነው፣ አንዴ ከያዘ አይለቅም። አልደነገጥንም። እውነቴን ነው፣ እንዲያውም ትንሽ ኩራት ተሰምቶኛል። ዘልዬ ወረድኩ፣ እስከ ጉልበቴ ሰመጥኩ፣ የገመዱን መንጠቆ ይዤ ወደ ፊት ተራመድኩ። ገመዱ ከኋላዬ እየተተረተረ መጣልኝ። ጭቃውን አልፌ ደረቁን ረግጬ ቆምኩ። ከዚያ ዙሪያዬን አየሁ።

ዛፍ የለም።

ግራው የታረሰ ማሳ ነው፣ ቀኙም የታረሰ ማሳ ነው፣ እስከ ተራራው እግር ድረስ። ያ አገር የስንዴ አገር ነው። ዛፍ ካለ ወፍ ያርፍበታል፣ ኮምባይነርም እንደልቡ አይዞርም፤ ስለዚህ ገበሬው ቆርጦ ጨርሶታል። አሰላ ላይ ባሕር ዛፍ የሌለበት ጥግ ስለሌለ፣ ሁለታችንም አንድ ቀን እንኳ ምን ላይ እናስረዋለን ብለን አልተጠያየቅንም። ወንድሜማ ያን መንገድ ከመዳፉ በላይ ያውቀዋል። ሰው የሚያውቀውን ነገር እንዴት እንደሚረሳው እስካሁን አይገባኝም። መንጠቆውን ይዤ ወደ እሱ ዞርኩ። በመስታወቱ ውስጥ አየኝ፣ ገባው። መሪው ላይ ግንባሩን ደፋ።

ሰው እየሮጠ መጣ። በሬዎቹ ራቅ ያለ ማሳ ላይ ናቸው ተባለ፣ እነሱን የሚያመጣ ሰው ተላከ። አንዱ ትርፍ ጎማውን ቀብረን እሱ ላይ እንሰር አለ፤ ቆፈርን፣ መሬቱ ግን አጥሚት ሆኗል፣ ዊንቹ ገና ሳብ ሲያደርገው ጎማው ተነቅሎ መጣ። ከመኪናው ውስጥ ድምጿ ተሰማኝ።

"አለፍነው?"

"እያለፍን ነው፣ ልጄ" አሉ እናቷ። መኪናው ቆሞ።

ከደረቁ በኩል፣ ከመንገዱ ዳር ከፍ ያለ ቦታ ላይ አንድ የመቃብር ድንጋይ ቆሟል። አርሲዎች ለሟቻቸው እንዲህ ያለ ድንጋይ መንገድ ዳር ያቆማሉ፣ አላፊ አግዳሚው እንዲያየው። ይኼኛው የጥንት ነው፣ ከሰው ቁመት ይበልጣል፣ ፈረስና ፈረሰኛ ተቀርጾበታል። የሽማግሌው አባት መቃብር መሆኑን ሁሉም ያውቃል። በዚያ ሁሉ ሜዳ ላይ ተተክሎ የቆመ ነገር እሱ ብቻ ነበር። ሰው ሁሉ ድንጋዩን እያየ ሌላ ነገር ያወራ ነበር። እኔም እንደዚያው።

ሽማግሌው በከዘራ እየተደገፉ ደረሱ። ማንንም ሳያናግሩ ወደ መኪናው ሄደው በመስኮቱ ተመለከቱ። ምን እንዳዩ አላውቅም። ሲመለሱ የለበሱትን ቡልኮ አወለቁ፣ ወደ ድንጋዩ ወጥተው ከሥሩ ዙሪያውን ጠመጠሙለት፣ ገመዱ እንዳይበላው።

"ና" አሉኝ።

"አባ፣ ሂን ተኡ፣ አይሆንም" አለ ከልጆቻቸው አንዱ፣ ጎልማሳ ነው። ዞረው አላዩትም።

"አባባ፣ ቢወድቅስ?" አልኩ።

"ሊወድቅ ይችላል።"

"አባትዎ እኮ ናቸው።"

"ማን እንደሆነ አውቃለሁ። እሱ አይቸኩልም። የምትቸኩለው እሷ ናት። ዝቅ አድርገህ እሰር።"

አሰርኩ። ወንድሜ ሞተሩን ከፍ አደረገ፣ እኔ ማዞሪያውን ተጫንኩ። ገመዱ ተወጠረ፣ መኪናው ጭቃውን እየቀደደ ስንዝር በስንዝር መጣ። ሽቦዬን በእጄ ነካሁት፤ ሞቋል እንጂ አልጋለም። ከዚያ ድንጋዩ ጎንበስ ሲል አየሁ። ልጅየው ፊቱን አዞረ። የፊት ጎማዎች ደረቁን ሲነክሱ ድንጋዩ ከሥሩ ተነቅሎ ወደቀ፣ ፈረሱ ሆዱ ላይ ለሁለት ተሰበረ።

ወንድሜ ወርዶ እግራቸው ላይ ሊወድቅ ሲል ሽማግሌው በከዘራቸው በሩን መቱት። "ዴማ፤ ሂዱ" አሉ። መንጠቆውን ፈትቼ ወደ ኋላ ዘለልኩ። ቡልኳቸው ከድንጋዩ ሥር እንደተጫነ ቀረ።

አሰላ ደረስን። ሕፃኗ በሕይወት ተወለደች፤ ስታለቅስ ከኮሪደሩ ሰማናት። የእናትየው ደም ግን አልቆመም። ሐኪሞቹ ታገሉ፣ እኛም ደም ሰጠን። ፀሐይ ሳትጠልቅ ሞተች።

ተናደድኩ። ማልቀስ ሲገባኝ ተናደድኩ። ከሆስፒታሉ ግቢ ወጥቼ መኪናው ፊት ቆሜ ዊንቹን አየሁት። ሽቦው አልተቃጠለም፣ ፊዩዙ አልተቆረጠም፣ አንድ ዳዶ አልላላም። እንከን የለሽ ሥራ ነበር። እሷ ሞታለች። ሥራዬን እንደዚያ ቀን ጠልቼው አላውቅም።

የምትቀበረው አባቷ በተቀበሩበት ቤተ ክርስቲያን ነው፣ ከረግረጉ ማዶ። በማግስቱ ጠዋት ሳጥኗን ጭነን ተመለስን። ሕፃኗን ሚስቴ ይዛ ቀረች። እናቷና ዘመዶቿ ከኋላ ሳጥኗን ከበው ተቀመጡ፤ እኔ በዚህኛው ጉዞ ፊት ነበርኩ፣ እሷ በተቀመጠችበት። ሌሊቱን ደግሞ ዘንቦ ነበር። ወንድሜ የዊንቹን ማዞሪያ ጭኑ ላይ አድርጎ ይነዳል። ምን እንደሚያስብ አውቃለሁ፤ ሬሳዋን ይዞ እዚያው ጭቃ ውስጥ መቆም። ከዚያ ሌላ የፈራው ነገር የቀረም አይመስለኝም።

ረግረጉ ጋ ስንደርስ ሕዝቡ በሁለቱም በኩል ቆሟል። ጭቃው መሐል ድንጋይ ተነጥፏል። ከአጥር የፈረሰ፣ ከማሳ የተለቀመ፣ ወንድ ሴቱ የተሸከመው። ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፣ አልኩ በሆዴ፤ ትናንት የት ነበራችሁ ልል ፈለግኩ፣ ግን ትናንትም እዚያው ነበሩ። ከዚያ የሽማግሌውን አባት ድንጋይ አየሁት። ሁለቱ ስባሪዎች ጎን ለጎን ተኝተዋል፣ ጭቃው ከሁሉም በሚጠልቅበት፣ ጎማችን በሚያርፍበት ላይ።

ወንድሜ ፍሬን ያዘ። "አልረግጠውም" አለ።

ሽማግሌው ወደ መስኮቱ መጡ። ትከሻቸው ላይ ቡልኮ የለም፣ ብርዱ ያንቀጠቅጣቸዋል። ልጃቸው፣ ትናንት አይሆንም ያለው፣ እስከ ወገቡ ጭቃ ለብሶ ከኋላቸው ቆሟል።

"አባባ፣ አቆመዋለሁ። መልሼ በሲሚንቶ አቆመዋለሁ" አላቸው።

"ብታቆመው፣ ይሄ ረግረግ ሌላዋን ነፍሰ ጡር ይጠብቃል" አሉ። "እኔ ነኝ ያስተኛሁት። እለፍ።"

ወንድሜ ማርሽ አስገባ። መኪናው ድንጋዮቹ ላይ ወጣ፣ ሁለት ጊዜ ተንገጫገጨ፣ ከኋላ ሳጥኑን የያዙት ሴቶች ድምፅ አሰሙ፣ ደረቁ ላይ ወጣን። ብዙም አልፈጀም። ማዞሪያው ጭኑ ላይ እንዳለ ነበር።

ትንሽ እንደሄድን ወንድሜ ዓይኑን የኋላ ማሳያው መስታወት ላይ፣ ሳጥኑ ላይ አደረገ።

"አለፍነው" አለ፣ ቀስ ብሎ።

የሚያናግረው እኔን አልነበረም።