ብትነቃ ኖሮ

ነቅቼ ሳለሁ ዓይኔን ለምን ጨፈንሁ?

ልጅ ስለነበርሁ ነው እንዳልል፣ ልጅ አባቱ ጥሎት ሊሄድ ሲል ይጮኻል እንጂ አይጨፍንም። ፈርቼ ነው እንዳልል፣ የፈራ ልጅ ያገኘውን ሙጭጭ አድርጎ ይይዛል። መልሱን ዛሬም አላውቀውም። የማውቀው የሆነውን ብቻ ነው።

ያኔ ሱዳን ውስጥ፣ ገዳሪፍ ነበርን። እናቴ በክረምቱ ወባ ሞተች፤ አባቴም በሰው አገር ከእኔ ከአንዲት ልጃቸው ጋር ቀሩ። በመተማ በኩል ዱሩ እየተመነጠረ ለሰሊጥ ይታረሳል መባሉን ሰምተው፣ አንድ ክረምት ሠርተው ሊመለሱ ተነሡ። እኔን ለጎረቤታችን ለሱዳናዊቷ አሮጊት ሰጡኝ። አሮጊቷን ሐቦባ እላቸው ነበር፤ በሱዳኖች አፍ አያት ማለት ነው። አባቴ የሄዱት ገና ጎህ ሲቀድ ነው። ከገመድ አልጋው ራስጌ መጥተው ቆሙ። ነጠላውን ወደ እግሬ ሳብ አድርገው አለበሱኝ፤ ከዚያም ዝም ብለው ቆሙ። ብዙ ቆሙ። እኔ እንደተኛ ሰው ረዘም አድርጌ እተነፍስ ነበር። እንዳይነቃብኝ ትንፋሼን እጠብቀው እንደነበር ዛሬም ትዝ ይለኛል። የቆርቆሮው በር ተንኳኩቶ ተዘጋ። ከተዘጋም በኋላ ዓይኔን አልገለጥሁም።

አንዱ ክረምት ብዙ ክረምት ሆነ። ድንበሩ ሲከፈት ሲዘጋ፣ ሥራው ሲሰምር ሲከሽፍ፣ ሊወስዱኝ ሲመጡ ቁመቴ ከትከሻቸው ደርሶ ነበር። በመካከሉ ሐቦባ ትምህርት ቤት ስላስገቡኝ ዐረብኛ ማንበብ ችዬአለሁ። አማርኛዬ ግን ተሰባብሮ ነበር። ገንዳ ውሃ ከተማ ከትንንሽ ልጆች ጋር ጉልበቴ ከጠረጴዛው በላይ ወጥቶ ሀሁ ቆጠርሁ። ዘግይቼ ስለጀመርሁ ይመስለኛል፣ ፊደል ላይ ቀልድ አላውቅም። አሁን የምሠራውም መተማ ዮሐንስ ከአንድ ትምህርት ቤት ቤተ መጻሕፍት ውስጥ ነው።

አባቴ እርሻውን ትተው፣ ዓይናቸውን ሞራ ጋርዶባቸው፣ ከእኔ ጋር ይኖራሉ። እንግዳ በመጣ ቁጥር የዚያን ጠዋት ነገር ያወራሉ። ሁልጊዜም በአንድ ቃል ነው የሚጨርሱት፦ «ተኝታ ነበር። ብትነቃ ኖሮ እግሬም አይነሣ።» እንግዳው ራሱን ይነቀንቃል፤ እኔ ውሃ ለማምጣት እነሣለሁ። ያቺ ቃል ለእሳቸው ምርኩዝ ናት። ዕድሜያቸውን ሁሉ የተደገፉት በእሷ ነው። ለእኔ ግን ፍርድ ናት፤ ብትነቃ አልሄድም ነበር ካሉ፣ ያስኬዳቸው የእኔ መጨፈን ነው ማለት ነው። ነቅቼ ነበር ብላቸው ምርኩዙን እነጥቃለሁ። ዝም ብል ፍርዱን ይዤ እኖራለሁ። ዝም ማለቱ ይቀል ስለነበር ዝም አልሁ።

በመተማ ዮሐንስ፣ ወደ ድንበሩ በሚወስደው መንገድ ዳር አንዲት ሻሂ ቤት አለች። እሑድ ከሰዓት የህንድ ፊልም ይታይባታል። ፊልሙ በሳተላይት የሚመጣ ነው፤ ሰዎቹ በህንድኛ ይናገራሉ፣ ከሥሩ በዐረብኛ ይጻፋል። የዐረብኛ ጽሕፈት የሚያነብ ሰው ጥቂት ነው። አንድ ቀን ሻሂ ልጠጣ ገብቼ፣ ባለቤቷ «ምንድን ነው የምትለው ይቺ ሴትዮ?» ብላ ብትጠይቀኝ ነገርኋት። ከዚያ እሑድ ጀምሮ ከቴሌቪዥኑ ጎን በርጩማ ተቀመጠልኝ። እያነበብሁ ጮክ ብዬ በአማርኛ እናገራለሁ።

ቤቱን የሚሞሉት አብዛኞቹ ሳሉጎች ናቸው፤ ከጎጃምና ከወሎ ለአጨዳ የሚመጡ የቀን ሠራተኞች። የእኔ አነጋገር አይጥማቸውም።

«እቴ፣ ትንሽ ጨው ጨምሪበት እንጂ!» ይለኛል አንድ የጎጃም ሰው፤ ትከሻው እንደ በር የሰፋ ነው።

«የተጻፈው ይኸው ነው።»

«ይኸን ያህል አፉን ከፍቶ እየጮኸ፣ የተጻፈው ‹ና› ብቻ ነው?»

«‹ና› ብቻ ነው።»

«ይች እኮ የፍርድ ቤት ጸሐፊ ናት!» ይላል ሌላው፣ ቤቱም ይስቃል።

ፍቅር ሲመጣ ያፏጫሉ፤ ድብድብ ሲመጣ ቆመው ያበረታታሉ። እናት ወይም አባት ከልጁ ጋር ብቅ ሲል ግን ቤቱ ጸጥ ይላል። ያ ትከሻ ሰፊው ሰውዬ ፊቱን ወደ ግድግዳ ያዞራል።

«ምን ሆንህ?» ይሉታል።

«ጢሱ ነው።»

«የምን ጢስ? እሳቱ ከጠፋ ቆየ እኮ!»

ነገሩ ይከነክነኝ ነበር። መጀመሪያ የናፈቁት ቤታቸው ነው አልሁ፤ ሁሉም ከወላጅ ተለይቶ የመጣ ነውና። ግን ከሁሉም አብልጣ የምታለቅሰው ባለ ሻሂ ቤቷ ናት። እሷ ደግሞ ከእናቷ ተለይታ አታውቅም፤ እናቷ ከመጋረጃው ጀርባ ተቀምጠው «ስኳሩን አታብዢ!» እያሉ ሲነዘንዟት ነው የሚውሉት። እሷም «ይኸው እናት ማለት እንዲህ ናት!» እያለች በቴሌቪዥኗ እናት ታለቅሳለች፤ የራሷን እናት «ኧረ አንድ ጊዜ ዝም በይኝ!» ትላለች። ናፍቆት ነው ያልሁት አላስኬደኝም።

አባቴም ይመጣሉ። ምስሉ ስለማይታያቸው ከጀርባዬ ይቀመጣሉ። «ፊልሙን የማየው በልጄ አፍ ነው» ይላሉ፤ ይህን ሲሉ ይኮራሉ።

ሰሊጡ ሊደርስ ሲቃረብ፣ አንድ እሑድ፣ ቤቱ እስከ በሩ በሳሉግ ተሞልቶ ሳለ አዲስ ፊልም ተጀመረ። ሚስቱ የሞተችበት ሰው ነው። አንዲት ትንሽ ልጅ አለችው። ሥራ ፍለጋ ሩቅ አገር ሊሄድ ነው፤ ልጅቱን ለጎረቤት ይሰጣል። ነገሩ ወዴት እንደሚሄድ ቀድሞ ገባኝ። ራሴን አመመኝ ብዬ ልነሣ አሰብሁ። ግን በምን አልፋለሁ? ፊት ለፊቴ ሰው በሰው ላይ ነው፤ ከጀርባዬ አባቴ ናቸው።

ሰውየው ሻንጣውን ይዞ ከልጅቱ አልጋ ራስጌ ቆመ። ጎረቤቷ ሴት አንድ ነገር አለችው፤ ሰውየው መለሰላት። ጽሕፈቱ ከሥር ወጣ። አነበብሁት። አፌ አልከፈት አለ።

«ምን አለ?» አለ አንዱ።

ጽሕፈቱ ጠፋ።

«ኧረ ምን አለ? ዋናው ላይ ስትደርስ ዝም ትላለች እንዴ?»

«‹ተኝታለች፤ አትቀስቅሻት› አለ» አልሁ።

ከጀርባዬ አባቴ ጮክ ብለው፣ እንደሚያውቁት ሰው፣ «ልክ ነው! አይቀሰቀስም!» አሉ።

የቴሌቪዥኑ ሰውዬ በሩን ዘግቶ ወጣ። ካሜራው ግን አብሮት አልወጣም። ወደ ልጅቱ ፊት ተጠጋ፤ ተጠጋ፤ ልጅቱም ዓይኗን ገለጠች። አንዲት ቃል አልተናገረችም፤ ስለዚህ ከሥር የተጻፈ ነገር የለም። ቤቱ ግን ተናወጠ።

«ነቅታለች! ኧረ ነቅታለች እኮ!» ብሎ ያ ትከሻ ሰፊው ጎጃሜ ተነሣ። «ዙር! ዙርማ አንተ ሰውዬ!»

«አብሽሪ እናቴ፣ አብሽሪ፣ ይመለሳል» ይላታል አንድ የወሎ ልጅ፣ እንባው በአገጩ እየወረደ። ባለ ሻሂ ቤቷ ፊቷን በነጠላዋ ጫፍ ሸፍናለች።

የአባቴ እጅ ትከሻዬ ላይ አረፈ።

«ማን ነው የነቃው?»

ዓይኔን ከልጅቱ ፊት አልነቀልሁም።

«ልጄ፣ ማን ነው ነቃች የሚሏት? ተኝታለች አላልሽም?»

«ተኝታለች ያለው እሱ ነው፣ አባ።»

«እሷስ?»

ሁሉም እየጮኸ ስለነበር እኛን የሚሰማን አልነበረም። እንዲያም ሆኖ አገር የሚሰማኝ መሰለኝ። አላየሁም ልላቸው እችል ነበር። ያልተጻፈውን አልተረጉምም ልላቸውም እችል ነበር።

«አልተኛችም ነበር» አልሁ።

«ከመቼ ጀምሮ?»

«ከመጀመሪያው።»

እጃቸውን ከትከሻዬ አነሡ።

በዚያው ቅጽበት ካሜራው ወደ ውጭ ወጣ። ሰውየው መንገድ ዳር፣ የቆመ የጭነት መኪና ላይ ግንባሩን አስደግፎ ነበር። ይህን ሳይ እኔ ያልጠበቅሁት ነገር ገጠመኝ። ያን የበር ድምፅ ዕድሜ ልኬን ሰምቼዋለሁ፤ ከበሩ ወዲያ ሰው እንዳለ ግን አስቤ አላውቅም ነበር። የእኔ ትዝታ በሩ ላይ ያበቃል። የአባቴ ደግሞ በተኛ ፊት ያበቃል። ሰው በኑሮው አንዱን ወገን ብቻ ነው የሚያይ፤ ልጅ ከሆነ ልጅነቱን፣ ወላጅ ከሆነ ወላጅነቱን። ፊልም ሁለቱንም ያሳይና ተመልካቹን ከመካከል ያስቀምጠዋል፤ እያየ የማይናገር ምስክር ያደርገዋል። ጎጃሜው «ዙር!» ብሎ የጮኸው፣ ሰውየውም ልጅቱም የማያውቁትን የሚያውቅ ተመልካቹ ብቻ ስለነበረ ይመስለኛል። ይህ የሰውን እንባ ሁሉ ያስረዳል አልልም። የዚያን ቀኑን ግን ያስረዳልኛል።

የቀረውን ፊልም እንዴት እንደተረጎምሁት አላውቅም። ሲያልቅ ባለቤቷ «ዛሬስ ጨው ጨምረሽበታል» አለችኝ።

ወደ ቤት ስንሄድ እንደ ወትሮው ክንዴን ያዙ። ሌላ ጊዜ እስከ ቤት ድረስ ጥያቄ አያልቅባቸውም፤ «ያ ሽማግሌ ምን ለብሶ ነበር? ቤታቸው ሰፊ ነው?» ይሉኛል። ያን ቀን አንድም ነገር አልጠየቁም። ባጃጅ ሲያልፍ ቆም እንላለን፤ የቆሙትን ከባድ መኪኖች እየዞርን እንሄዳለን። የክንዴ ሥጋ ሁሉ እጃቸውን ያዳምጥ ነበር። ጠበቅ ያደርጉት ይሆን? ይለቁት ይሆን? አላጠበቁም፤ አልለቀቁም።

ከዚያ በኋላ ቤታችን ተለወጠ። እህል ይቀርባል፣ ትንሽ ቀምሰው ይመልሱታል። ሬዲዮውን ይከፍታሉ፣ አያዳምጡትም። መጽሐፍ ይዤ ስቀመጥ ፊታቸውን ወደ እኔ ያዞራሉ፤ የማያይ ዓይን እንዲህ እንደሚከብድ አላውቅም ነበር። ገጽ ሳልገልጥ እቆያለሁ። ያን ጊዜ ገጽ እየገለጥሁ አለመሆኔን በጆሯቸው እንደሚያውቁብኝ ይገባኝና እገልጣለሁ። ፊልሙን አንሥተው ቢጠይቁኝ ምን እላለሁ? ባይጠይቁኝስ? በሚቀጥለው እሑድ «አይሄዱም?» ብላቸው፣ «አንቺ ሂጂ» አሉ። እኔም አልሄድሁም።

አጨዳው ሲጀመር አንድ የአገራችን ሰው ከደጋ መጣ። ከግቢያችን ራኩባ፣ ከሣር ጥላው ሥር አስቀመጥነው። ስለ ዝናቡ፣ ስለ ሰሊጡ፣ ስለ መንገዱ ተጫወቱ። ከዚያ ሰውየው ወደ እኔ አየና «እንዲያው እርስዎ፣ ይቺን የመሰለች ልጅ ባዕድ አገር ትተው መሄዱን እንዴት ቻሉት?» አላቸው።

ውሃ ላመጣ ተነሣሁ። እንደ ልማዴ።

«ተኝታ...» አሉ አባቴ።

ቆምሁ። ቀጥለው ያሉት ነገር የለም። ሰውየው ጠበቀ፤ ጠበቀና «ተኝታ ነበር አሉኝ?» አለ።

«እንጃ» አሉ። «ዘመኑ ረዘመ። እስቲ ውሃ ስጪን ልጄ።»

ያን ቃል ሳይጨርሱት ሲቀሩ የሰማሁት ያን ቀን ነው። ምርኩዙን እኔ ሳልነጥቃቸው ራሳቸው አኑረውት ነበር፤ ያለ እሱ እንዴት እንደሚቆሙ ግን አያውቁም ነበር።

እንግዳው ወደ ሽንፋ የሚሄድ መኪና ፍለጋ ወጣ። እኛ ሁለታችን ከራኩባው ሥር ቀረን። ሙቀቱ አየሩን አቁሞት ነበር።

«ያቺ የፊልሟ ልጅ» አሉ፤ «ለምን ዝም አለች?»

«አላውቅም፣ አባ።»

«አንቺ መጽሐፍ የምታነቢ ሰው አይደለሽ? አንድ ነገር አትዪም?»

«የእሷን አላውቅም» አልሁ። «የእኔንም አላውቅም። እኔም ነቅቼ ነበር።»

አልደነገጡም። አንገታቸውን ዘንበል አድርገው፣ ከሩቅ የሚመጣ መኪና የሚያዳምጡ መሰሉ።

«ነጠላውን ሳለብስሽ?»

«ነቅቼ ነበር።»

«ቆሜም ሳለሁ?»

«አዎ።»

ነገር አበላሸሁ፤ ሰው ገደልሁ አልሁ በልቤ።

«ብትነቃ ኖሮ አልሄድም ነበር እያልሁ ኖሬያለሁ» አሉ።

«አውቃለሁ።»

«ሐሰት ነው።» ጉሮሯቸውን ጠረጉ። «ብትነቂም እሄድ ነበር። ብታለቅሺም፣ እግሬን ብትይዢኝም እሄድ ነበር። ምን እንበላ ነበር? እሄድ ነበር፣ ልጄ። ያንቺ ዓይን ምንም አላደረገም።»

በርጩማዬን ወደ እሳቸው አስጠጋሁ።

«እያለቀስሽ ነው?» አሉኝ፤ አይታያቸውምና።

«አዎ» አልኋቸው።