የአባቴ ግራ ዓይን

የበራችን የፖስታ ቀዳዳ ቷ ሲል ዛሬም ከመቀመጫዬ ብድግ እላለሁ፤ የሚገባው የፒዛ ማስታወቂያ መሆኑን እያወቅሁ እንኳ። ልጅ ሆኜ፣ ስቶክሆልም ዳር ሪንከቢ ስንኖር፣ በዚያ ቀዳዳ ስድብ ይገባ ነበር፤ አንድ ጊዜ ደግሞ እሳት ገባ።

አባቴ ድሬዳዋ ተወልዶ ያደገ ግሪክ ነው፤ አማርኛውን፣ በተለይ ስድቡን፣ ከእናቴ አስበልጦ ይችለው ነበር። ሳሎናችን ውስጥ ፊቱ ግሪክኛ፣ ጀርባው አማርኛ የሆነ ጋዜጣ ያዘጋጅ ነበር፤ ቅዳሜ ከሰዓት ደግሞ በሰፈሩ ቴሌቪዥን እንግዳ እያቀረበ፣ ጠረጴዛ እየደበደበ ያፋጥጥ ነበር። እንግዳው ወሬ ሲጀምር ጣቱን ቀስሮ «በዓይንህ አይተሃል?» ይለዋል፤ ያላየ ሰው የተናገረውን አያትምም። አቤት፣ በዚህች አነጋገሩ ስንቱ ቀልዶብናል!

ቅጠሉ ሲረግፍ አንዲት ሴት ፕሮግራሙ ላይ ቀርባ፣ በደርግ ጊዜ እስር ቤት ውስጥ እግሯን የገረፋት ሰው እዚሁ ስቶክሆልም እንደሚኖር፣ ቤተ ክርስቲያን እንዳየችው ተናገረች። ስሙን ለመጥራት ግን ፈራች። አባቴ መች ያርፋል! በጋዜጣው በየእትሙ «ገራፊው ማነው?» እያለ ይጽፍ ጀመር፤ ስድቡም በቀዳዳው ይዘንብ ጀመር። እሱ ግን ስድቡን ሁሉ፣ አንድ ቃል ሳይቀንስ፣ ፊት ገጽ ላይ ያትመው ነበር። እናቴ «ኧረ ተው አንተ ሰው፣ ልጆች አሉህ!» ብትል ማን ሰምቷት።

በረዶው ሲወርድ ቤንዚን የጠጣ ጨርቅ እየነደደ ገባ። ካፖርቴና የትንሹ ወንድሜ ጋሪ ተቃጠሉ፤ እናቴ እሳቱን በባዶ እጇ ስታጠፋ መዳፏ ተላጠ። ያን ሰሞን ቤቱ ወስዶ ያስጠጋን፣ ቁስሏንም በገዛ እጁ የሚቀባላት ጋሽ ታደሰ ነበር፤ የወንድሜ የክርስትና አባት፣ የአባቴ የልብ ወዳጅ።

በረዶው ሲቀልጥ ሴትዮዋ ጨክና ስሙን ልናገር አለች። የቀጠሮዋ ቅዳሜ ጠዋት እኔ ምድር ቤት፣ ልብስ ማጠቢያው ክፍል፣ አንሶላ እያጠፍኩ ነበር። መስኮቱ ከመሬት እኩል ስለነበር የአባቴ ፊት አስፋልቱ ላይ ሲላተም ከክንድ ርቀት አየሁት። ፊቱን በሻርፕ የሸፈነ ሰው በብረት ዘንግ ጀርባውን፣ ጭንቅላቱን፣ ፊቱን እንደ እባብ ቀጠቀጠው፤ ደሙ መስታወቱ ላይ ተረጨ። ሰውየው ሲያጎነብስ ሻርፑ ወረደ። ጋሽ ታደሰ ነበር። አየኝ፤ ጣቱን ከንፈሩ ላይ አደረገና ሄደ። ሴትዮዋም ወሬውን ሰምታ፣ ሳትቀርብ ከተማውን ለቀቀች።

ሆስፒታል፣ አባቴ ግራ ዓይኑ በፋሻ ታሽጎ እጄን ያዘ። ዓይኑ ከዚያ ወዲያ ብርሃን አላየም።

«እታች ነበርሽ አሉ። በዓይንሽ አይተሻል?»

ጋሽ ታደሰ ወንድሜን ታቅፎ ከአልጋው ግርጌ ቆሟል።

«ኔይ፣ ባባ» ብዬ በስዊድንኛ ካድኩ።

«በአማርኛ ንገሪኝ።»

አልነገርኩትም። አሥር ዓመቴ ነበር፤ ፈራሁ፣ በጣም ፈራሁ። አባቴም ሲሻለው በአንድ ዓይኑ ቴሌቪዥን ላይ ቀርቦ «ያየ ሰው አልተገኘም፤ ስም አልጠራም» አለና ነገሩን ዘጋ፤ ጋዜጣውም ብዙ ሳይቆይ ቆመ።

ዛሬ አባቴ ሃግሴትራ ሰፈር፣ የአረጋውያን መኖሪያ ውስጥ ነው፤ ብዙ ነገር ረስቷል። እናቴ ካረፈች ወዲህ ጋሽ ታደሰ እሁድ እሁድ ከቅዳሴ መልስ እየመጣ ሾርባ በማንኪያ ያጠጣዋል፤ እኔም ቁጭ ብዬ አያለሁ። ባለፈው እሁድ አባቴ ድንገት ማንኪያውን ገፋና እንደ ድሮው ጣቱን ቀስሮ «በዓይንህ አይተሃል?» አለው። ምን ትዝ ብሎት እንደሆነ እንጃ። ጋሽ ታደሰ ሳቀ።

«እኔ አይቻለሁ፣ ባባ» አልኩ በአማርኛ። «የመታህ ጋሽ ታደሰ ነው።»

ማንኪያው ከጋሽ ታደሰ እጅ ወለሉ ላይ ወደቀ። ያኔ ቢሆን አባቴ ቅዳሜን እንኳ ሳይጠብቅ ጋዜጣ ባወጣ ነበር። አሁን ግን በቀረችው ዓይኑ ትኩር ብሎ አየኝና፣ ድምፁን እንደዚያ እንደ ቴሌቪዥኑ ጊዜ ጠንከር አድርጎ፣ «ይቅርታ እመቤት፣ ማን ልበል?» አለኝ።