አማርኛ የማትሰማው በቅሎ

አጎቴ ከዋግ መጥተው ደባርቅ ላይ የቱሪስት ጓዝ በበቅሎ ሲያመላልሱ ኖሩ። በቅሏቸውን የሚያናግሯት በአገውኛ ብቻ ነበር።

መጀመሪያ ሰሞን ደላላው፣ «ጋሼ፣ እዚህ እንጀራ ከፈለጉ አገውኛዎን ይተዉት» አላቸው።

«እኔስ አማርኛውን ተምሬልሃለሁ፤ እሷን አንተ አስተምራት።»

ደላላው ሳቀ፤ ሥራ ግን የሚሰጣቸው ሌላው ሁሉ ከተዳረሰ በኋላ ሆነ። አንድ ቀን የአምባራስ መንገድ ጨቅይቶ በቅሎው ሁሉ ሲገተር፣ የእሳቸው ብቻ ድምፃቸውን ሰምታ ተሻገረች። ከዚያ ወዲያ ያው ደላላ፣ «አገውኛ የሚያወሩትን ሰውዬ አስቀድሙልኝ» ይል ጀመር።

ከቀበርናቸው በኋላ በቅሎዋን ጨው ጫንኳት። እኔ ነጋዴው፣ ስንቱን ገበያተኛ በምላሴ ያስማማሁት፣ በአማርኛ ለመንኳት፤ ማልኩላት። ንቅንቅ አላለችም። በተሰባበረ አገውኛ እንደ እሳቸው «ነይ» ስላት ጆሮዋን አቆመች፤ ግን እኔን አልፋ ከኋላዬ ተመለከተች።

እኔም ዞርኩ።