የአጎቴ አውራ ጣትና የሐረር ሰንጢ

ከድሬዳዋ የተነሣሁት ማክሰኞ ጎህ ሳይቀድ ነው። የምሄደው ለንግድ አልነበረም፤ አንዲት ሰንጢ ፍለጋ ነው። ለሰንጢ ብሎ እስከ ሐረር በበቅሎ ይኬዳል ወይ? ብላችሁ ትስቁ ይሆናል። ሳቁ፤ ሚስቴም ስቃለች።

ሰንጢዋ የምትፈለገው ላሳደጉኝ አጎቴ ለመሪጌታ ተድላ ነው። አጎቴ ብራና ላይ መጽሐፍ ይጽፋሉ፤ የመቃ ብዕራቸውንም ራሳቸው ይቀርጻሉ። ከፋሲካ በፊት በቅሎ ሲጭኑ ገመዱ አውራ ጣታቸውን ጠምዝዞ ሰበረው። ቁስሉ ዳነ፤ ጣቱ ግን እንደ እንጨት ደርቆ ቀረ፣ አይታጠፍም። ከዚያ ወዲህ ሰንጢያቸውን የሚከፍቱት እጀታውን በጥርሳቸው ነክሰው ሆነ። ባለፈው ሳምንት አምልጣቸው ከንፈራቸውን ቀደደችው። የማይታጠፍ ካራ ይሻላል ብለን ሰጠናቸው፤ ካራው ከረጢታቸው ውስጥ ሁለት የተጻፈ ብራና በሳ። "ሰው ይክፈትልዎ" ስንላቸው ደግሞ ተቆጡ።

"ብዕር በቀን አሥር ጊዜ ይደነዝዛል። አሥር ጊዜ ሰው ልጥራ?"

የጀመሩት ዳዊት ገና እኩሌታው ላይ ሳለ "በቃኝ" ብለው የቀለሙን ቀንድ ከደኑት። ሥራ ፈትተው ደጃፍ ላይ ሲቀመጡ ማየት አንጀቴን በላው።

ከደንገጎ እስከ ሐረማያ

የደንገጎ ዳገት በቅሎዬን ምንም አላላት፤ እኔን ግን ጨረሰኝ። ከታች ላብ ሲያጠምቀኝ ቆይቶ ከላይ ስደርስ በርዶኝ ጋቢዬን ደረብኩ። ሐረማያ ሐይቅ አጠገብ አንዲት ደግ ባልቴት አሳደሩኝ፤ ትኩስ የማሽላ ቂጣ በወተት አበሉኝ። ጉዳዬን ብነግራቸው ግራ ገባቸው።

"ጣቱን ለታመመ ሰው ሰንጢ? መድኃኒት አይሻልም?"

በማግስቱ መንገድ ላይ አንድ ብልሃት መጣልኝ። ችግራቸውን በራሴ እጅ ካልቀመስኩ ምኑን ልመርጥ ነው? ስለዚህ የቀኝ አውራ ጣቴን ከመዳፌ ጋር በጨርቅ ጥፍር አድርጌ አሰርኩ። እውነቴን ነው፣ በገዛ ብልሃቴ ተገረምኩ።

ፈረስ መጋላ

በሸዋ በር ገብቼ ፈረስ መጋላ ገበያ ስደርስ ረፋድ ሆኗል። ብርቱካኑ፣ በርበሬው፣ ጨርቁ፣ የበቅሎው ጩኸት ሁሉ አንድ ላይ ነው። መጀመሪያ የገባሁበት ሱቅ ባለቤት የታሰረ እጄን ሲያይ ደነገጠ።

"እግዜር ይማርህ!" አለና ሰንጢዋን ከእጄ ነጥቆ ከፈተልኝ።

"የለም፣ እኔ ልክፈታት።"

"ኧረ በሞቴ! በታመመ እጅ?"

በሁለተኛውም፣ በሦስተኛውም ሱቅ እንዲሁ ሆነ። አንዱ ጭራሽ ብርቱካን ልጦ አጎረሰኝ። እንዲህ ያለ ደግነት አይቼ አላውቅም፤ ሥራዬን ግን አላሠራኝም። በመጨረሻ አንድ ዝምተኛ ሕንዳዊ ነጋዴ ዝም ብሎ ተወኝ። ከሰንጢዎቹ አንዷ ሰፋ ያለ ስለት አላት፤ እጀታዋን በግራዬ ጨብጬ፣ ስለቷን በቀኝ ሌባ ጣቴና መሐል ጣቴ ቆንጥጬ ብስባት ያለ አውራ ጣት ወጣች። እጀታዋ ቀጭንና ለስላሳ ናስ ነው። በአንድ ጠገራ ብር ገዛኋትና እየፎከርኩ ወጣሁ።

ኤረር በር

ለሰንጢዋ የቆዳ ከረጢት ብፈልግ፣ ኤረር በር አጠገብ መጽሐፍ በቆዳ የሚደጉሱ አው ዩሱፍ የሚባሉ ሽማግሌ አሉ አሉኝ። ሄድኩ። ቆዳ እየፋቁ አገኘኋቸው።

"ልጄ፣ እጅህን ምን ሆንክ?"

"እኔስ ደህና ነኝ። የታመሙት አጎቴ ናቸው።"

"ያ ሰላም! እሳቸው ታመው አንተ ታሰርክ?"

ሁሉን ነገርኳቸው። ቆዳውን አስቀመጡ።

"አጎትህ ቀለሙን በየትኛው ጣት ነው የሚይዙት?"

"ቀለም በቀንድ እንጂ በጣት ይያዛል እንዴ?"

ሳቁና ከጆሯቸው ላይ የመቃ ብዕር አወረዱ። እሳቸውም ቁርዓን ይጽፋሉ ለካ። "እኛ ቀለም የምንለው ይህንን ነው" አሉ።

"እሱንማ በቀኝ እጃቸው፣ በአውራ ጣትና በሌባ ጣት።"

"ታዲያ የቀኙ ከደረቀ እንዴት ይጽፋሉ?"

አጎቴ መጻፍ አላቃታቸውም፤ ያቃታቸው ሰንጢዋን መክፈት ነው። ፊት ለፊቴ የተቀመጡትን የአው ዩሱፍን እጆች አየሁ። በእኔ ቀኝ በኩል ያለው የእሳቸው ግራ ነው። ዕድሜዬን ሙሉ አጎቴን ያየኋቸው እንዲህ ፊት ለፊት ተቀምጬ ነበር፤ ለካ የደረቀው የግራ አውራ ጣታቸው ኖሯል። ጨርቁን ፈትቼ ግራዬ ላይ አሰርኩ። ሰንጢዋን ብሞክር፣ ያ ለስላሳ እጀታ ሙልጭ ብሎ መሬት ወደቀ። እንደዚያ ቀን አፍሬ አላውቅም።

"ቁጭ በል" አሉኝ አው ዩሱፍ። የመጽሐፍ ቆዳ ቆርጠው፣ ሙጫ ቀብተው፣ የስለቷን ማደሪያ ብቻ ትተው እጀታውን ደራርበው ጠቀለሉት፤ መዳፍ እስኪሞላ ወፈረ። በላዩ አራት ጣት የሚያስገባ የቆዳ ማነቂያ ሰፉበት። ከዚያ የገዛ ግራ አውራ ጣታቸውን በጨርቄ አስረው ራሳቸው ሞከሩት። ከፈቱት።

"አልሐምዱሊላህ። ከእንግዲህ ጥርስ አያሻም።"

ዋጋ ብጠይቃቸው እጃቸውን አወናጨፉ። "በዚህች የቀረጹትን አንድ ቀለም ይላኩልኝ።"

ድሬዳዋ

ዓርብ ማታ ደርሼ ሰንጢዋን ከአው ዩሱፍ መልእክት ጋር ሰጠኋቸው። አጎቴ የግራ አራት ጣታቸውን በማነቂያው አስገቡ፣ በቀኛቸው ሳቡ፣ ስለቷ ወጣች። ዘጓት። ደግመው ከፈቷት። ስንት ጊዜ እንደደጋገሙት እንጃ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ከዚያ መቃ አንሥተው ቀረጹና በንጹሕ ጨርቅ ጠቀለሉት።

"ይህ ለሐረሩ ሰው ነው። አንተስ፣ በእጅህ የያዝከው ጨርቅ ምንድን ነው?"

ስህተቴን ስነግራቸው የከንፈራቸው ቁስል እስኪያማቸው ሳቁ። ሲበቃቸው የቀለሙን ቀንድ ከፈቱ፣ ብራናውን ጉልበታቸው ላይ ዘረጉ፣ ከተቀመጡበት ቁርበት ላይም ፈቀቅ አሉልኝ።

"ሳስተምርህ ሁልጊዜ ፊት ለፊት ነው ያስቀመጥኩህ፤ ጥፋቱ የኔ ነው" አሉ። "ና፣ ከጎኔ ተቀመጥ።"